ኤል ሼፕ

ነገሩ የጀመረው በግድግዳ አይደለም፤ በሶፋ ነው። ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ሆና ኤል ሼፕ የሚባለውን ሶፋ አዘዘች፤ ቀብዱን ከፈለች፤ ጨርቁን መረጠች። ሳሎናችን ትዝ ያላት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሜትር አምጥታ ለካች፤ አላመነችም፤ ደግማ ለካች። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልላ ግድግዳውን በክፉ ዓይን ታየው ጀመር።

«ይሄ ግድግዳ ግን ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ሳሎኑን ከትንሿ መኝታ ቤት የሚለየው ግድግዳ ነው። መለየትም ሥራ ነው ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር። ግን ብዙ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የቱ ጥያቄ፣ የቱ ትእዛዝ እንደሆነ ያውቃል። «መፍረስ ይችል እንደሆነ እንጠይቅ» አልኩ።

ጠየቅን። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ግድግዳ ላይ አስተያየት የሌለው ፍጡር እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ዕጣ የደረሰን የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ፣ እኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ቤቱን ሳይጨረስ ተረክበን፣ በር መስኮቱን፣ ልስኑን፣ ሴራሚኩን ሁላችንም በየኪሳችን አቅም ነው የጨረስነው። ስለዚህ በሕንፃው ውስጥ ያለ ነዋሪ ሁሉ በገዛ ገንዘቡ የተማረ መሐንዲስ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ግንበኛ ነው። ሥራው የት እንዳለ ደላላው ሹክ ብሎት ነው የመጣው። መዶሻውን ሳያወጣ ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ አደረገ፤ ጆሮውን ለጠፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪም ነው የሚመስለው። «ባዶ ነው ጋሼ! ምንም አልተሸከመም። ዛሬውኑ ልጣልዎት?»

አደነቅሁት። ከሄደ በኋላ ግን እኔም ጣቴን ይዤ ቤቱን መዞር ጀመርኩ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ባዶ ነው። የደጁም ባዶ ነው። ከጎረቤት የሚያዋስነንን ስመታው፣ ከወዲያ በኩል «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ብሎኬት ሲፈጠር ጀምሮ ሆዱ ባዶ ነው፤ ፎቅ ቢሸከምም ባይሸከምም ሲመታ የሚያሰማው ያንኑ ድምፅ ነው። ባዶ ስለሆነ ይፍረስ ካልን ከተማው አያልቅም?

ሁለተኛው አማካሪ ከአሜሪካ የተመለሰው የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን ነው። እዚያ ቤቱን በገዛ እጁ አድሶ ያውቃል። እንደ ነገረኝ ከሆነ፣ የነሱ ቤት ግድግዳ የእንጨት ቋሚ ላይ ጂፕሰም ቦርድ የተለጠፈበት ነው፤ ቋ ቋ የሚያደርጉትም እንጨቱን ለማግኘት ነው። ይሸከም አይሸከም ለማወቅ ደግሞ ከላይ ያሉት የወለል እንጨቶች በየት በኩል እንደተጋደሙ ይታያል። ግድግዳውን አቋርጠው ካለፉ ተደግፈውበት ይሆናል፤ አብረውት ጎን ለጎን ከሄዱ ግን ላይደገፉበት ይችላሉ። «ስለዚህ ኮርኒሱን ከፍተን እንውጣና እንጨቶቹን እንይ» አለኝ። ከኛ ኮርኒስ በላይ ያሉት የሦስተኛ ፎቋ እማማ ናቸው።

እናቴን በስልክ አማከርኳት። እናቴ የምታውቀው ጭቃ ቤት ነው፤ ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ። «በላዩ ምን ተጋድሟል?» አለችኝ ገና ከሰላምታው። አላውቅም አልኳት። «ታዲያ በላዩ ያለውን ሳታውቅ ታቹን ለማፍረስ ትቸኩላለህ? ሶምሶን እንኳ ቤቱን ሊጥል ሲነሳ፣ የያዙትን ምሰሶዎች አስዳስሰኝ ብሎ ብላቴናውን ጠይቋል።»

እውነቷን ነው። ሰውየው ዓይኑ ጠፍቷል፣ የፈለገውም እንዲፈርስ ነው፤ ቢሆንም አስቀድሞ ጠየቀ። እኛ ደግሞ እንዳይፈርስ እየፈለግን፣ ሁለት ዓይን እያለን፣ በጣታችን እናንኳኳለን። በሠርጌ ቀን ሽማግሌዎቹ «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ምሰሶ አንተ ነህ» ብለው መርቀውኝ ነበር። ምሰሶ መሆኔን እንጂ ምን እንደተሸከምኩ አንድም ቀን አጣርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ የጓደኛዬ ልጅ መጣች፤ ሲቪል መሐንዲስ ናት። ግድግዳውን አልነካችውም፤ ቀና ብላ ኮርኒሱን ነው ያየችው። ከዚያ ፕላኑን ጠየቀችኝ። ፕላን አልነበረኝም፤ የሶፋው ፎቶ ግን ነበረኝ። ዝም ብላ ወደ በረንዳው ወሰደችኝና ማዶ ያለውን ሕንፃ አሳየችኝ። ባለቤቱ ገንዘብ አልቆበት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ እኛ ስንገባም ዛሬም ያው አጽሙን የቆመ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ሕንፃ ግድግዳ አለው?»

«የለውም።»

«ወድቋል?»

በየቀኑ የማየውን ሕንፃ ያን ቀን ነው ያየሁት። ኮለን ቆሟል፣ በኮለኖቹ ላይ ቢም ተጋድሟል፣ በቢሙ ላይ ሶሌታ ተነጥፏል፤ አራት ፎቅ ሙሉ አንድ ብሎኬት ሳይደረደርበት ቆሟል። የኛም እንደዚሁ ነው የተሠራው፤ ብሎኬቱ አጽሙ ከቆመ በኋላ የገባ መሙያ ነው። በኛ ግድግዳ አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚታየውን፣ እኔ ለጌጥ የተሠራ የመሰለኝን፣ ቢም ነው አለችኝ። ሸክሙ በሱ አድርጎ ወደ ኮለን ይሄዳል። ግድግዳው ከሥሩ ቆሞ ራሱን ነው የሚሸከመው።

ባለቤቴ በዚህ ጊዜ መጋረጃ ማውረድ ጀምራለች።

ልጅቱ ግን አልጨረሰችም። ይሄ ለዚህ ዓይነቱ ቤት ነው አለች። ፒያሳ አካባቢ ያሉት የጥንት የድንጋይ ግንብ ቤቶች ኮለን የላቸውም፤ የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። ሊፍት ያለበት ሕንፃ ውስጥ በሊፍቱ ዙሪያ ያለው ብዙ ጊዜ ፌሮ ያለበት የኮንክሪት ግድግዳ ነው፤ እሱም አይነካም። ደግሞም ሶሌታው በጊዜ ብዛት ጎብጦ ከሆነ፣ ሲሠራ ያልተሸከመ ግድግዳ ቀስ በቀስ ተሸካሚ ይሆናል። እንደ አንዳንድ የቤተሰብ ታላቅ፣ ማንም ሳይሾመው። «ስለዚህ ከላይም ከታችም እንይ» አለች።

የሰው ቤት ግድግዳ ለማየት ቡና መጠጣት ግድ ነው፤ ያን ቀን በየፎቁ ጠጣን። ምድር ቤቱ ሱቅ ሆኗል፤ የውስጥ ግድግዳ የሚባል አልቀረለትም። ይሄ አላስደሰታትም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ብሎኬቱም በአቅሙ ይታገላል፤ ከላይ ሞልቶ ከታች ብቻ የተራቆተ ሕንፃ እግሩ ይደክማል አለች። በ2017 ታኅሣሥና ጥር፣ የፈንታሌው መንቀጥቀጥ በሌሊት ሲነቀንቀን ሁላችንም በጋቢ ሮጠን የተሰበሰብነው እዚያው ሱቅ በር ላይ ነበር።

እማማ ቤት ስንደርስ ደግሞ ግድግዳው የለም።

«እማማ፣ እዚህ ጋ የነበረው የት ሄደ?»

«ወዲያ ገፋ አደረግሁት ልጄ።»

ገፋ ያደረጉት ወደ ሳሎኑ መሃል ነው፤ ልክ እኔ ዜና እየሰማሁ ከምቀመጥበት በላይ፣ ከሥሩ ቢም በሌለበት። ልጅቱ በእርምጃ ለካችና በስልኳ አሰላች። አንድ መቶ ያህል ባለ 15 ብሎኬት፣ መጋጠሚያው፣ በሁለቱም በኩል ልስኑ፤ ወደ ሁለት ቶን። እኔ ታች ሆኜ የማይሸከመውን ግድግዳ በፍርሃት ሳንኳኳ፣ ሁለት ቶን አናቴ ላይ ተቀምጦ ኖሯል! ግድግዳ ማንሳት ሕንፃውን ያቀልላል፤ የሚያስፈራው ያልታሰበበት ቦታ ላይ መትከሉ ነው ስትል አስረዳችኝ።

«ስንት ዓመቱ ቆሞ! እግዚአብሔር ይዞታል» አሉ እማማ።

«ሶሌታውም እያገዘው ነው እማማ፤ እንዳይደክመው በጂፕሰም ይቀይሩት» አለቻቸው። በጻፈችልኝ ወረቀት ላይ ስለኔ ግድግዳ ያለው ሁለት መስመር ነው፤ ስለ እሳቸው ያለው አንድ ገጽ።

ፈቃዱን ላሳጥረው። የሕንፃ አዋጁ ቤት ለማሻሻልም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ሄድኩ፣ ተመላለስኩ፣ አገኘሁ። ማፍረሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተን፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን ገመድ ኤሌክትሪሺያን አንስቶ፣ ከላይኛው ረድፍ አንድ አንድ ብሎኬት እያሉ ወረዱ። ግንበኛው በዲጂኖ ከሥሩ ሊጀምር ነበር፤ ልጅቱ በስልክ ጮኸችበት። ፍርስራሹንም ሳሎን መሃል እንዳንቆልለው፣ እየተሸከምን ወዲያው እንድናወርድ አስጠንቅቃን ነበር። ሁለት ቶን በደረጃ ማውረድ ምን እንደሚመስል ወገቤን ጠይቁት።

በማግስቱ ሶፋው መጣ።

ግድግዳው ሲነሳ፣ በመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ተከልሎ የኖረ ኮለን ወጣ። ከደጁ ግድግዳ ወደ ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር ገፋ ብሎ፣ ለማንም ሳይነሳ ቆሟል። ሶፋው በሱ ምክንያት 12 ሳንቲ ሜትር ተገፋ፤ የሶፋው ሌላኛው እግር ደግሞ የበረንዳውን በር ዘጋ። ባለቤቴ ኮለኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

«ይሄስ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

እሱ እንኳ ይሠራል አልኳት። አራት ፎቅ ይዟል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ካነሳን ደግሞ የኛ ብቻም አይደለም፤ የእማማም፣ የአንደኛ ፎቁም፣ የሱቁም ንብረት ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ የቆመ የጎረቤት ሁሉ ንብረት።

ቀለሙ ግራጫ የሆነ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ኤል ሼፕ ሶፋ የሚሸጥ አለን። ገዢ አንባቢ ካለ ዋጋው በድርድር ነው፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጎ ኮለኑን ይለካልን።