ሲሮጡ የታጠቁት ቀበቶ

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው የተረቱት የቦክስ ፕሮሞተር ስላልገጠማቸው ነው። ገጥሟቸው ቢሆን ኖሮ እንቁላሉን በአንድ ሌሊት አስፈልፍሎ፣ ጫጩቱ ላባ ሳያበቅል ጓንት አጥልቆለት፣ ሲነጋ ለቴሌቪዥን በሸጠላቸው ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ሙያ የሚገባውን ክብር ልሰጥ ነው። አሜሪካዊው ሊዮን ስፒንክስ «ያለ ጊዜው ተጣድፎ ተበላሸ» እያሉ እስከ ዛሬ የሚያላዝኑ አሉና፣ ልጁ ምን እንደጎደለበት እስቲ አብረን እንይላቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእኛው ሰባት ስምንት ዓመት ስለሚቀድም ለችኩል ሰው ይስማማዋል።)

ሊዮን በሴንት ሉዊስ ከተማ በድህነት ያደገ፣ በአሜሪካ የማሪን ጦር ያገለገለ ልጅ ነው። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በቀላል ከባድ ሚዛን ፍጻሜ ኩባዊውን ሲክስቶ ሶሪያን አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። በነገራችን ላይ፣ ከዚያው ኦሊምፒክ አፍሪካውያን አድመው ሲወጡ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀርቷል። አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ። ምስኪን፣ ፕሮሞተር አልነበረውማ! ሊዮን ግን አሳቢ አላጣም። በጃንዋሪ 1977 የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያ አደረገ። በ13 ወሩ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1978፣ ላስ ቬጋስ ላይ መሐመድ አሊን ገጥሞ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስምንተኛ ግጥሚያው ነበር።

ጊዜ አባካኞቹ ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ ተመልከቱ። ሮኪ ማርሲያኖ ቀበቶውን የወሰደው 42 ጊዜ ካሸነፈ በኋላ በ43ኛው ነው። አሊ ራሱ፣ ያ ሁሉ ምላስና ያ ሁሉ እግር እያለው፣ ሻምፒዮኑ ሶኒ ሊስተን ፊት ከመቆሙ በፊት 19 ጊዜ ተጋጥሟል። ለሊዮን ሰባት በቃው። ከሰባቱ አንዱ አቻ መውጣቱን ምቀኛ ካልሆነ በቀር ማንም አያነሣውም። ከ10 ዙር በላይ ተጫውቶ አያውቅም፤ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ደግሞ በዚያን ጊዜ 15 ዙር ነበር። የቀሩትን አምስት ዙሮች ከአሊ ጋር እየተደባደበ ይማራቸዋል ተባለ። ተማራቸውም! ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለእርሱ ፈረዱለት።

እዚህ ላይ የችኮላ ጠበቆች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ያጨበጭባሉ። «አሸንፎ የለ እንዴ? ያሸነፈ ሰው እንዴት ተጣደፈ ይባላል?» ይላሉ። ክርክሩ አፍ ያስዘጋል፤ እኔም ለጊዜው አፌን ይዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቅ ቢፈቀድልኝ፦ ሰባት ግጥሚያ ያለውን ልጅ አሊ ፊት ያቆመው ማን ነው? ለምንስ አቆመው?

አሊ 36 ዓመቱ ነበር። በሴፕቴምበር 1977 ኤርኒ ሼቨርስ የተባለው ቡጢው እንደ መዶሻ የሚከብድ ሰው 15 ዙር ሙሉ ቀጥቅጦታል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ «ይብቃህ» ብሎ፣ ሰሚ ሲያጣ ጥሎት ሄደ። እንግዲህ ለደከመ ንጉሥ ምን ያስፈልገዋል? ስሙ የሚሸጥ፣ ክንዱ የማይጎዳ ተጋጣሚ። ፓተርሰን፣ ፍሬዘርና ፎርማን የኦሊምፒክ ወርቅ ነበራቸው፤ አሊ ሁሉንም አሸንፏል። ሊዮንም ወርቅ አለው። ሒሳቡ ይኸው ነው። አሊ በእግሩ እንዲያርፍ፣ ቴሌቪዥኑም ማስታወቂያውን እንዲሸጥ፣ ልጁ ለእርድ ቀረበ። ለአሊ 3 ሚሊዮን ተኩል ዶላር፣ ለልጁ 320 ሺህ ገደማ ተቆረጠ። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ሊዮን የሠራው ስሕተት አንድ ብቻ ነው፤ አሸነፈ። ድሉ ለሁሉም ሰው ዱብ ዕዳ ሆነ፤ ከሁሉም በላይ ለራሱ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሩጫ ዓይን አያስነቅልም። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት «መጀመሪያ ተረኛውን ኬን ኖርተንን ግጠም» አለ። ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው ከአሊ ጋር በሚደረገው መልስ ግጥሚያ ነው። ኖርተን ተዘለለና ምክር ቤቱ ማርች 18 ቀን ሻምፒዮንነቱን ገፎ ለኖርተን ሰጠው። የአንድ ወር ቀበቶ! ለሊዮን የቀረለት በሌላው ማኅበር፣ በዓለም ቦክስ ማኅበር በኩል ያለው ብቻ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት በዚህ ፍጥነት ያረጋገጠ ስፖርተኛ ሌላ አላየሁም።

በዚያው ማርች የትውልድ ከተማው ፖሊሶች በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ በተቃራኒው ሲነዳ አስቆሙት። መንጃ ፈቃድ ሲጠይቁት የለውም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች በልጁ ሳቁበት። እኔ የምስቅ ከሆነ የምስቀው በሌላ ነው። ከተማዋ ያለችበት የሚዙሪ ክፍለ ሀገር ሰውን መሪ ከማስያዙ በፊት ፈተና ያስቀምጣል። የአሊን ቡጢ ለማስቀመስ ግን ሰባት ግጥሚያና አንድ ፊርማ ይበቃል።

ከአሊ ጋር መልስ ግጥሚያው የተደረገበትን የሴፕቴምበር 15ቱን የኒው ኦርሊንስ ምሽት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሱፐርዶም ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አለ። ደወል ሲደወል ሊዮን ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል፤ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ የሚያጅበው ዕድር የሚያህል ሰው ነው። አንዱ «ግባበት» ይላል፣ ሌላው «እጅህን አንሣ» ይላል፣ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ሁለቱንም ይሳደባል። ያለችው አንዲት ደቂቃ ናት፤ እሷም በጩኸት ታልቃለች። በማዕዘኑ ውስጥ ቦክስ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጆርጅ ቤንተን ነበር፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ አሊን እንዴት እንደሚያሸንፍ የመከረው እርሱ ነው። አንድ ቃል የሚያደርስበት ቀዳዳ ሲያጣ ግጥሚያው ሳያልቅ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። አሊ በበኩሉ ምንም አዲስ ነገር አላመጣም። አንድ ሁለት ይሰነዝራል፣ ከዚያ የልጁን አንገት አቅፎ ይንጠለጠላል፣ ዳኛው ሲያላቅቃቸው እንደገና አንድ ሁለት። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ግን በስምንት ግጥሚያ የሚደረስበት ትምህርት አይደለም። 15ቱ ዙር አለቀ፣ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለአሊ ፈረዱ። ሻምፒዮንነቱ ልክ ሰባት ወር ቆየ። ጥበቃው ግን የተሟላ ነበር፤ በኋላ በፊልም «ሚስተር ቲ» ተብሎ የገነነው ሰውዬ ነበር አጃቢው። ከአጃቢዎቹ ውጭ ያለው ጠላት ሁሉ ሊነካው አልቻለም።

ችኮላን የሚጠላ ሰው በዚህ ቦታ የሊዮንን ታናሽ ወንድም ማይክልን ይጠቅሳል። ክርክሬን ስለሚያበላሽብኝ ልዘለው አስቤ ነበር፤ ግን አይዘለልም። ከአንድ እናት፣ ከአንድ ሰፈር ናቸው። ማይክልም ከሞንትሪያል ወርቅ ይዞ ተመልሷል፤ በ1977 አብሮት ፕሮፌሽናል ሆኗል። ግን ዘገየ። የቀላል ከባድ ሚዛንን ቀበቶ የያዘው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ17ኛ ግጥሚያው ነው። ከዚያም አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1985፣ 48 ጊዜ ሳይሸነፍ የኖረውን ላሪ ሆምስን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛንን ዘውድ ወሰደ። በመጨረሻ በ1988 ማይክ ታይሰን በ91 ሴኮንድ ዘረረውና ጡረታ ወጣ፤ ለዚያች 91 ሴኮንድ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎታል። ዘገምተኛው ልጅ የቤተሰቡን ፈጣን ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ይህ ለሙያው ስድብ ስለሆነ ፕሮሞተሮች ስለ ማይክል ሲያወሩ አትሰሙም።

ሊዮን ያለቀለት መስሏችሁ ከሆነ አላለቀለትም። በ1979 ሞንቴ ካርሎ ላይ ደቡብ አፍሪካዊው ጌሪ ኩትዜ በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጊዜ አነጠፈው። እንግዲህ ወደ ኋላ ተመልሶ መሠረቱን ይማር ይሆን? ኧረ ወዲያ! በ1981 ያንኑ ላሪ ሆምስን ለዓለም ሻምፒዮንነት አጋጠሙትና በሦስተኛው ዙር ግጥሚያው ቆመ። ትምህርቱ ለሌሎችም አልጠፋባቸውም። በ1982 ዴቪ ሙር የተባለ ልጅ በዘጠነኛ ግጥሚያው የዓለም ሻምፒዮን ተደረገ። በዓመቱ፣ 12 ድል ብቻ ይዞ፣ ከ70 በላይ ያሸነፈው ሮቤርቶ ዱራን ፊት ኒው ዮርክ ላይ አቆሙት። በስምንተኛው ዙር ፎጣ ሲወረወርለት አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ነበር። ሊዮንን ከአሊ፣ ሙርን ከዱራን ያጋጠመው ፕሮሞተር ቦብ አረም ነው፤ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ነው፣ በቦክስ የክብር መዝገብም ስሙ ሰፍሯል። ይገባዋል። ከእርሱ ዘንድ ገንዘቡ ዘግይቶ አያውቅም።

እና ተጣድፏል ወይ? የለም፣ ሊዮን አልተጣደፈም። የተጣደፉት ሌሎች ናቸው፤ እርሱ የተጣደፉበት ነው። ለዚህ ማስረጃው ከ1978 በኋላ ማንም ሰው ለእርሱ ብሎ አለመቸኮሉ ነው። «በቃህ፣ ጓንቱን አውልቅ» ለማለት የቸኮለ አልተገኘም። 42 ዓመት እስኪሆነው ድረስ፣ እስከ 1995፣ ተደባደበ። 46 ግጥሚያ አድርጎ 17ቱን ተሸነፈ። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በነብራስካ ኮሎምበስ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ የስፖርት ማዕከል ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ሐኪሞች በኋላ ሲመረምሩት አንጎሉ መመንመን ጀምሯል አሉ። በፌብሩዋሪ 2021፣ በ67 ዓመቱ፣ ዐረፈ።

ከ17ቱ ሽንፈቶች አንዱ በ1994 ዋሽንግተን ላይ የደረሰበት ነው። መሐመድ አሊን ያሸነፈው ሰው በመጀመሪያው ዙር ተዘረረ። የዘረረው ሰው ከዚያ ቀን በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ግጥሚያ አላደረገም ነበር።