ጠብ ያለ ዘፈን

ዘፈን መድረስ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እግዜር ይስጣቸውና የሆሊውድ ሰዎች ከዚህ ድንቁርና አወጡኝ። እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው «ናይት ኤንድ ዴይ» ፊልም፣ የዘፈን ደራሲውን ኮል ፖርተርን ሆኖ የሚጫወተው ኬሪ ግራንት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ነው። ፒያኖ ፊት ተቀምጧል። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ውጭ ዝናቡ ይንጠባጠባል፤ በቃ፣ ለፊልሙ ስሙን ያወረሰው ዘፈን ተወለደ። እውነተኛው ፖርተር በጦርነቱ አልቆሰለም። ዘፈኑንም በ1932 ለብሮድዌይ ትያትር፣ ለፍሬድ አስቴር ድምፅ ለክቶ ነው የሰፋው። ልክና ስፌት ደግሞ ማን ትኬት ቆርጦ ያያል?

ብልሃቱ ሲገባኝ እኔም ከሚያፈሰው የማድቤት ቧንቧችን ሥር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አመሸሁ። ባልዲው ሞላ፤ ከዘፈኑ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልቆሰልኩማ።

ቁስል እንደሚሸጥ የ2018ቱን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም የሚያህል የገባው የለም። የክዌን ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ያወቀው በ1987 አካባቢ ነው ይባላል። ፊልሙ ግን በሽታውን አጣድፎ ለ1985ቱ ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት አደረሰው፤ አለዚያ በምን እናልቅስ? ክዌንም ለዓመታት ተበታትኖ ለዚያ መድረክ ሲል የታረቀ ባንድ ሆነ። ከ2 ወር በፊት ጃፓን ውስጥ አብረው ሲጫወቱ የነበሩት እንግዲህ ሌሎች ክዌኖች መሆን አለባቸው። ፊልሙ 4 ኦስካር ወሰደ፣ አንዱ ለኤዲቲንግ። ሲያንሰው ነው! ከ1987 ቆርጦ 1985 ላይ የሚሰፋ እጅ በዋዛ አይገኝም።

ላይቭ ኤይድ የማን እንደነበር እኛ አይጠፋንም። ቀኑ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ገንዘቡ የሚለመነው ወሎና ትግራይ ላይ በረሃብ ለሚያልቀው ሕዝብ። በፊልሙ የልገሳ ስልኮቹ ክዌን እስኪወጣ ጭጭ ብለው ይቆዩና ፍሬዲ ሲዘፍን ይንጫጫሉ። የዕለቱ ኪስ በደንብ የተፈታው ግን ክዌን ከወረደ በኋላ ነበር፤ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ ባስገባው የረሃብተኞች ምስል። ምስሉ የኛ ልጆች ነው። እነሱ ግን እንደ ፊልሙ ፍሬዲ ዘፈን አልደረሱም፣ ከአባታቸው ተጣልተውም አልታረቁም። ታዲያ ፊልም ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ፊልሙን ያየሁት ከአክስቴ ጋር ነው። የ77ን ድርቅ ወልዲያ ሆና ያሳለፈች ናት። በየመሃሉ ክንዴን ነካ እያደረገች፣ «የኛዎቹን መቼ ነው የሚያሳዩት ልጄ?» ትለኛለች።

«ቆይ እታለም፣ ዘፈኑ ይጨረስ» እላታለሁ።

ዘፈኑ ተጨረሰ፣ መብራቱ በራ። አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ስክሪኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«ከአባቱ ጋር ግን ታረቀ አይደል?» አልኳት።