ሐተታ በእንተ ጓዳ

ቤትን አቃልሎ የማሰናዳት ነገር በየዘመኑ ከተነሡት ብርቱ ጥያቄዎች አንዱ ሲሆን፣ በመንፈሳዊውም ሆነ በሥጋዊው ጥበብ የደከሙት ሊቃውንት ወደ ጓዳ ጎንበስ ብለው ገብተው ባዶውን የኒዶ ቆርቆሮ፣ ጆሮው የተሰበረውን ስኒና ክዳኑ የጠፋውን ድስት ለመመርመር ስላልፈቀዱ፣ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ድረስ በቂ ሐተታ ሳያገኝ ቆይቷል። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት የታሰበ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ገንዘብንና ጓዳን በአንድነት ለበጅሮንድ ሙሉጌታ መስጠታቸው፣ ጓዳ ከመንግሥት ምሥጢራት አንዱ መሆኑን አስቀድመው ስለ ተረዱት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በተራው ሰው ቤት ይኸው ሹመት፣ ያለ ካባና ያለ ደመወዝ፣ በእመቤቲቱ እጅ ይገኛል።

ከባሕር ማዶ ሊቃውንት ወገን ደግሞ ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ በ2003 ዓ.ም ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ በእጁ ይዞ ደስታ ይሰጠው እንደ ሆነ ራሱን እንዲጠይቅ፣ የማይሰጠውንም አመስግኖ እንዲያሰናብት አስተምራለች። ትምህርቱ ያማረ ሆኖ ሳለ ከእኛ ጓዳ ደጃፍ ሲደርስ ይሰናከላል፤ በእኛ ዘንድ ዕቃ የሚመዘነው በሚሰጠው ደስታ ሳይሆን በሚመጣው ክፉ ቀን ነውና፣ ክፉ ቀንም ቀጠሮ ስለማይሰጥ፣ ምርመራው ፍጻሜ አያገኝም። መምህርቷ ራሷ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ማሰናዳቱን በመጠኑ እንደ ተወችው በ2015 ዓ.ም መናገሯ፣ ክርክሩን በእናቶቻችን ረቺነት እንደ ዘጋው ይቆጠራል።

የእናቶቻችን ትምህርት በአንድምታ የሚሄድ ነው። ባዶ ብልቃጥ ስለ ምን ተቀመጠ ቢሉ፣ በርበሬ ሊቀመጥበት፤ አንድም ለጎረቤት ቅቤ ሊላክበት፤ አንድም የጠፋው ክዳን አንድ ቀን ይገኝ ይሆናልና፤ አንድም ብልቃጡ ከተጣለ በኋላ ክዳኑ ቢገኝ ጸጸቱ ከሁሉ የከፋ ስለሚሆን ነው። “እማዬ፣ ይህስ ይጣል?” ብሎ የጀመረ ልጅ ሁሉ፣ አራተኛው ትርጓሜ ላይ ሲደርስ ብልቃጡን አጥቦ ወደ ስፍራው መልሶታል።

ፌስታል የራሱን አንቀጽ ይሻል። ከየሱቁ የመጣው ሁሉ እየታጠፈ በአንድ ታላቅ ፌስታል ውስጥ ይከማቻል፤ ታላቁም ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ወጣቶች ይህን ክምችት ዘመን ሙሉ ሲነቅፉት ቢኖሩም፣ በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን በመቀጮ ሲከለክል፣ እናቶች ወደ በሩ ጀርባ እያመለከቱ “አላልኳችሁም? ይኸው ሊጠፋ ነው” ብለዋል። ንግግሩ ከአዋጁ መንፈስ ጋር ባይስማማም ከትንቢታቸው ጋር ፈጽሞ ይስማማል።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ የተገኘው ዋና ሕግ ሕገ ዝውውር ሊባል ይገባዋል፤ ይኸውም ዕቃ ከቤት አይወጣም፣ ይዛወራል ማለት ነው። ከሳሎን የተሻረው ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ አልጋ ሥር፣ ከአልጋ ሥርም ከዓረብ አገር የተመለሰች እኅት ባመጣችው ሻንጣ ተከትቶ ወደ ቁምሳጥን አናት ይሸጋገራል፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ደግሞ በረንዳውን ለዚሁ አገልግሎት ያውላል። በጳጉሜን፣ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ፣ ይህ ሠራዊት በሙሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ይራገፋል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያም በክብር ተመልሶ ይገባል። የቡፌው ብርጭቆዎች ብቻ፣ ለእንግዳ የተቀደሱ ስለ ሆኑና ያን ያህል የከበረ እንግዳ ገና ስላልመጣ፣ ከአቧራ መጥረግ በቀር ሌላ ሥርዓት አይደርስባቸውም።

በዚህ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ አለ። ከጎረቤት ምግብ የመጣበት ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ስለ ሆነ፣ የሚገባበት እስኪገኝ በአደራ ይቀመጣል፤ የእኛም ሳህን በዚያው ምክንያት በእነርሱ ቤት ተቀምጦ ይኖራል። ስለዚህ የአንድን ቤት ንብረት ለመቁጠር የፈለገ ሊቅ መንደሩን በሙሉ ሊዞር ግድ ይሆንበታል።

“ልዋጭ!” ባዩ በየመንደሩ መዞሩ መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አሮጌ ጫማና ኮት ወስዶ የሚሰጠው ሳፋ ወይም ጆግ ስለ ሆነ፣ ሳፋውም ባዶውን ሊቀመጥ ስለማይገባው፣ ከአልጋ ሥር የነበረው ሌላው አሮጌ ልብስ ይሞላበታል፤ ሒሳቡም ከነበረበት ፈቀቅ አይልም። ቁራሌው በብር ቢገዛም፣ የወሰደው ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ ደርሶ፣ ተቀጥቅጦና ማንደጃ ሆኖ በገበያ ይወጣል፤ ያንን ማንደጃ ርካሽ ነው ብላ ገዝታ የምትገባው ያችው የሸጠችው እመቤት ብትሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ምርመራው እንዳሳየው፣ ዕቃ ቤቱን ለቆ የሚሄደው ተቀባዩ ሰው በስም ሲታወቅ ብቻ ነው፤ እናት ለቆሻሻ ገንዳ የነፈጉትን ለዘመድ እጅ ሳይሰስቱ ይሰጣሉና። ከተቀባዮችም ሁሉ ሙሽራ ይበልጣል። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ድስቱም፣ ብልቃጡም፣ ሳፋውም፣ ሰፌዱም “መቼም ይጠቅማችኋል” በሚል ምርቃት ታጅበው ይሸኛሉ፤ አዲሶቹም ባለትዳሮች እምቢ ማለት ነውር ስለ ሆነባቸው ተቀብለው ከአልጋቸው ሥር ያኖሩታል፤ ሕገ ዝውውርም ሳይጓደል ወደ ቀጣዩ ትውልድ ይተላለፋል። ስለዚህ ቤቱን በእርግጥ ማቅለል የሚሻ ሰው ልጁን ቶሎ ይዳር፤ የሚድረው ልጅ የሌለው ግን ቡፌ ይጨምር።