ስለ ቁም ሳጥኑ ጉዳይ

ይድረስ ዓይናለም ለሚገኙት ለተከበሩ አጎቴ ለየኔታ፤

እንደምን ከርመዋል? እናቴ አደይስ ወገቧን እንዴት አደረጋት? እኔም፣ ይህን ስጽፍ ካልሲው በማሞቂያው ላይ ተሰጥቶ የሚጤስበት ልጅዎም፣ ስሙ የተመሰገነ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ «ከመቅደላ የተዘረፈው ታቦት ተረስቶ የኖረበትን ቁም ሳጥን በዓይንህ በብረቱ አይተህ ጻፍልኝ» ብለው ስላዘዙኝ፣ መሥሪያ ቤቴ የሦስት ቀን ዕረፍት በሰጠኝ ጊዜ፣ ለትምህርት ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላውን ልጅዎን አስከትዬ፣ ከሎንዶን በባቡር ተሳፍሬ የስኮትላንድ መዲና ወደ ሆነችው ወደ ኤድንብራ ወጣሁ። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጻፍሁት፣ ብሉይ ከሐዲስ የጠነቀቁት እርስዎ ባሕረ ሐሳቡን አውጥተው ሰባትና ስምንት ሲቀንሱ ጊዜ እንዲያልፍልዎ ብዬ ነው።

ከተማይቱ ከጠፋ እሳተ ገሞራ አለት ላይ በተተከለ ግንብ ሥር የተዘረጋች ስትሆን፣ ጥርብ ድንጋይዋ ከዘመናት የከሰል ጢስ የተነሣ ስለ ጠቆረ የጥንት ሰዎች «አሮጌዋ ጢሳም» ይሏት ነበር። የመቐለን ነጭ ድንጋይ እያየ ያደገው ልጅዎ ግን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ተመልክቶ፣ «ይህስ ማጀት ውስጥ የከረመ ከተማ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ዝናቡ በወንፊት የተነፋ ዱቄት ይመስላል፤ ሦስቱን ቀን አላቋረጠም። ልጅዎም በየቦዩ የሚወርደውን ውኃ ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ከከርሰ ምድሯ ለመቐለ ሕዝብ ውኃ የሚቀዳባት፣ እርሷ ግን ቢጫ ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቅ የዓይናለም ልጅ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ብክነት ዝም ብሎ ማለፍ ኃጢአት መስሎታል።

በግንቡ ላይ ከእሑድ፣ ከስቅለትና ከልደት በቀር በየዕለቱ የሚተኮስ መድፍ አለ፤ ከ1861 ጀምሮ መርከበኞች ሰዓታቸውን እንዲያስተካክሉበት የተሠራ ሥርዓት ሲሆን ስሙም «የአንድ ሰዓት መድፍ» ይባላል። ልጅዎ ይህን ባነበበ ጊዜ፣ አሳቡ ገና ከአገር ቤት ሰዓት ስላልተላቀቀ፣ ጎሕ ሳይቀድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀስቅሶ ያንን ዳገት ሽቅብ አስወጣኝ። በበሩ ፊት ያገኘነው አንድ የመንገድ ጠራጊ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም መጥረጊያውን ተደግፎ፣ መድፉ ሊተኮስ ስድስት ሰዓት ያህል እንደሚቀረው በትሕትና አስረዳን። ቀትር ካለፈ በኋላ፣ በእኛው ሰባት ሰዓት ላይ ተመለስን። መድፉ ሲያጓራ በዙሪያችን የቆሙት አገር ጎብኝዎች ሁሉ ስቀው አጨበጨቡ፤ እኔና ልጅዎ ግን ራሳችንን ያገኘነው ከድንጋይ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለን ነው። ማን ቀድሞ እንደ ተቀመጠ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። መድፍ ሰዓት ለመንገር ብቻ የሚጮኽበት አገር መኖሩን እኛ ከየት እናውቃለን? አንዲት አሮጊት ቀለበት የወደቀብን መስሏቸው አብረውን ጎንበስ ብለው መሬቱን ይዳብሱ ጀመር፤ እኛም ለማስረዳት አፍረን ትንሽ አብረናቸው ፈለግን።

በዚሁ ግንብ ይቀመጥ ስለ ነበረ አንድ ድንጋይም ልንገርዎ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 የስኮትላንድ ነገሥታት የሚነግሡበትን ድንጋይ ማርኮ ወደ ሎንዶን ወሰደባቸው፤ በ1950 በልደት በዓል ሌሊት አራት ተማሪዎች ከዌስትሚንስተር ገዳም ሰርቀው ሲያወጡት ለሁለት ተከፈለባቸው፤ በሥርዓት የተመለሰላቸው በ1996፣ ከ700 ዓመት በኋላ ነው። ልጅዎ ይህን ሲሰማ «እነዚህማ ዘመዶቻችን ናቸው!» አለ። ክብደቱ 152 ኪሎ ብቻ መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን ዝምድናውን ቀነሰው፤ 160 ቶን ያህል የሚመዝነው የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮማ በአውሮፕላን መመለሱንም ሳይጠየቅ ለዘበኛው አስረዳ። ያም ሆኖ ድንጋዩን አላየነውም፤ በ2024 ፐርዝ ወደሚባለው ከተማ ቤተ መዘክር ተዛውሯል። እንግዲህ ከቦታ ቦታ መዞር የለመደ ድንጋይ ነው።

ከዚያ ወርደን ወደ አንድ የመቃብር ቅጥር ስንደርስ የቦቢን ሐውልት አየን። ቦቢ ማን ነው ቢሉኝ፣ ውሻ ነው። በጌታው መቃብር ላይ 14 ዓመት ተኝቶ በ1872 ሞተ ይባላል። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ምን እንደሚጠብቃት ያውቃሉ፤ በዚህ ግን ሐውልት አቆሙለት፣ መንገደኛውም ሁሉ ለበረከት ይመስል አፍንጫውን እያሻሸ አብለጭልጮታል። ልጅዎ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ማታ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ዕለቱ ጥር 17 ነበርና (በእነርሱ ጃንዩወሪ 25)፣ የባለቅኔያቸው የሮበርት በርንስ ልደት ሆኖ አገሩ ሁሉ ሃጊስ ይበላል። ሃጊስ ማለት የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር በጨጓራ ተቋጥሮ የሚቀቀል ነው፤ ዱለት ነው ብል፣ ከሳንባው በቀር፣ አልዋሸሁም። ከጎንደር የተመለሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ወደ አውሮፓ ያመጣው ያው ሰው፣ ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አየሁ ብሎ ቢናገር የሎንዶን ሰዎች ቀጣፊ ብለው ተሳልቀውበት ነበር፤ የገዛ አገሩን ገበታ አላዩም መሰለኝ። እነሆ ሃጊሱ ከረጢት ባለው ዋሽንት ታጅቦ እንደ መስፍን ገባ፤ አንድ ጉርድ ቀሚስ የታጠቀ ሽማግሌም ቆሞ፣ በርንስ ለዚሁ ለዱለት የደረሰለትን ረዥም ውዳሴ በቃሉ አወረደለት። የኔታ፣ ቅኔ የተቀኙለት ዱለት ሰምተው ያውቃሉ? ልጅዎ ጸሎተ ማዕድ መስሎት ቆቡን አውልቆ ቆመና፣ ሽማግሌው ሲጨርስ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ «አሜን!» አለ። ሰዉ ሁሉ ጽዋውን አነሣለት።

አሁን ወደ ጉዳይዎ ልመለስ፤ እስካሁን ያዘገየሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ዮሐንስ ነው፤ ከግንቡ ሥር በትልቁ ጎዳና ጫፍ ቆሟል። በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በ1868 በሕንጣሎ በኩል ዘልቆ መቅደላን ከበዘበዘ በኋላ አንድ መኰንን ታቦቱን አምጥቶ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰጠ፤ በ2001 ታቦት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጆን ማክላኪ የሚባል ካህን በቁም ሳጥን ውስጥ አገኘው፤ በጥር 2002ም ማንም ሳይከራከር ለአባቶቻችን አስረከቡ። በአዲስ አበባ የተደረገለትን አቀባበል እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እኛ ግን የተመለስንበት ቀን ሆኖ፣ ልጅዎ በከተማይቱ ያለውን ተራራ ካልወጣሁ ብሎ ሲያዞረኝ ውሎ፣ ስንደርስ መሽቶ በሩ ተዘግቷል። ቁም ሳጥኑን፣ የኔታ፣ አላየሁትም። ይቅር ይበሉኝ። ወደ ባቡሩ ልንሄድ ዘወር ስል ልጅዎ ከአጠገቤ የለም፤ በተዘጋው በር ፊት ጫማውን አውልቆ፣ በዚያ ዝናብ በካልሲው ቆሞ ሲሳለም አየሁት። ታቦቱ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ መሆኑን ብነግረው «የቆመበት ቦታስ?» አለኝ። እኔም ጫማዬን ፈታሁ። የእኔ ካልሲ የተቀደደ መሆኑን ለአደይ እንዳይነግሯት አደራ።

በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የቤቱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። በሚመጣው ስልክዎ ወደዚያ ሄጄ እንዳይ እንዳያዙኝ ከወዲሁ አስታውቃለሁ። የሚመጣ ሰው ቢያገኙ ግን በርበሬ ይላኩልን፤ ሃጊሱ ሚጥሚጣም አዋዜም የማያውቅ ነው።

አክባሪ የእኅትዎ ልጅ