ነጥብ አንዱ

ጥፋቱ የኔው ነው። አንድ ቀን ለልጄ በስልክ «ዜና አንባቢዋ ቆሎ ጉንጯ ውስጥ ይዛ የምታወራ ነው የሚመስለኝ» አልኩ። ያቺ ቃል ናት ያስበላችኝ።

ልጄ በክረምቱ ከአሜሪካ ሲመጣ፣ ከሻንጣው ጫማ ይወጣል ስል ሳጥን በሳጥን ላይ ተደረደረ። «አባዬ፣ ሆም ቲያትር ነው፤ አምስት ነጥብ አንድ ይባላል።» ስፒከሮቹን ቆጠርኩ፤ አምስት። ነጥብ አንዱስ? ስለው የበግ ግልገል የሚያህል ጥቁር ሳጥን አሳየኝ። ከሁሉም የሚገዝፈው፣ ኮንዶሚኒየሙን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው! እኛ ስንማር ነጥብ ትንሽ ነበረች።

የመጀመሪያው ቀን ጭራሽ አልተሰማም። ዕቃው የ110 ቮልት፣ የኛ ግድግዳ 220። ልጄ ሊሰካው እጁን ሲሰድ ጀርባው ላይ የተጻፈውን በመነጽር ያነበብኩት እኔ ነኝ እንጂ፣ ይኼኔ ጭሱን ነበር የምንሰማው። ከመርካቶ ትራንስፎርመር ተገዛ፤ እሱም እንደ ንብ ቀፎ ሌሊቱን ያጉረመርማል።

ሽቦው ደግሞ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ነው። ልጄ የአንዱን ስፒከር አቀያይሮ ቢያስረው ወፍራሙ ድምፅ ከሳ። ለካ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። የዕድር ስብሰባ በሉት!

ከዚያ ፊልም ተከፈተ። ሄሊኮፕተር ከኋላዬ መጣ፤ ጎንበስ አልኩ። ቡፌው ውስጥ ሲኒዎቹ ተንጫጩ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እጀታ ደበደበ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ግን ምን እንደሚሉ እሱ ፈጣሪ ይወቀው። ጨምር ስል ቦምብ፣ ቀንስ ስል ሹክሹክታ። ዜናዋስ? ቆሎው ባቄላ ሆነ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባ ጊዜ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ አንድ ሳጥን ነበር፤ ሰውየው ከዚያው ሳጥን ያወራል፣ እኛም እንሰማለን፤ አለቀ።

ልጄ ሪሞቱን ይዞ ሲታገል አመሸ። «ንግግር የሚወጣው ከመካከለኛው ስፒከር ነበር እኮ» አለ። የታለ መካከለኛው? ባለቤቴ ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ አስቀምጣው፣ ዳንቴል አልብሳ፣ በላዩ የልጅ ልጃችንን የምረቃ ፎቶ አቁማበታለች። ምስኪኗ ዜና አንባቢ በዳንቴል ተሸፋፍና ነው ስትጮህልኝ የከረመችው! አውጥተን ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ ጆሯችን ቀና አድርገን አስቀመጥነው። ነጥብ አንዱንም ከጥግ አነሳነው፤ ጥግ ሲይዝ ነው ለካ እንደዚያ የሚያገሳው።

የቀረው ሴራሚኩ ነው። አምና ልጆቹ «አርጅቷል» ብለው ምንጣፌን ጠቅልለው ወለሉን አብለጨለጩት። ድምፅ ከሴራሚክና ከባዶ ግድግዳ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። ምንጣፌን ከቁም ሳጥን ጀርባ ጎትቼ አነጠፍኩት፣ ወፍራሙን መጋረጃ መለስኩ። ቃሉ ጥርት አለ። ልጄ «አኮስቲክ ይባላል» ብሎ ሊያስረዳኝ ጀመረ። ምንጣፍ ነው የሚባለው።

አሁን ዜናዬን በመካከለኛው እሰማለሁ። የኋላዎቹን ሁለት ስፒከሮች የሚፈልግ ካለ ይምጣና ይውሰድ። ሽቦው ግን አይሰጥም፤ ባለቤቴ ልብስ አስጥታበታለች።