ከእኔ በላይ እኔን የሆነው ሰውዬ

እዚህ አሜሪካ ዕዳ የሌለበት ሰው አይታመንም። «የማንም ብር የለብኝም» ብለን ደረታችንን ነፍተን ስንገባ፣ ባንኩ «ታዲያ በምን እንመንህ?» ይላል። ተበድረህ በቀኑ መክፈልህ እየተመዘገበ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይሰጥሃል። ነጥቡ ከፍ ካለ ቤቱም መኪናውም በትንሽ ወለድ ይገኛል፤ ካሽቆለቆለ አከራይ እንኳ ፊቱን ያዞርብሃል። እኔም ነገሩ ገብቶኝ፣ ለነዳጅና ለአስቤዛ በምመዛት አንዲት ካርድ ነጥቤን ሳሳድግ ነው የኖርኩት።

አሮጌዋ ካምሪዬ ሞተሯ ነክሶ ስትቀር አሌክሳንድሪያ ውስጥ ወዳለ አንድ መኪና ሻጭ ሄድኩ። ሰውዬው ቡና አቀረበልኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ስሜን አስተካክሎ ለመጥራት ታገለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶ ጥቂት እንደቆየ ግን ፊቱ ተለወጠ። «የኦሃዮው ሶፋ ጉዳይስ?» አለኝ። የምን ሶፋ? ኦሃዮን በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቃትም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው፤ በዱቤ የተወሰደ ሶፋ፣ የስልክ መስመሮች፣ እስከ አፍ ገደፉ የተሞላ ክሬዲት ካርድ። ሁሉም በስሜ፣ ሁሉም ያልተከፈለ። ከሁሉም ያናደደኝ፣ በስሜ የተወሰደው ሶፋ እኔ ቤት ካለው እጅግ የሚሻል መሆኑ ነው።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀችና «እስቲ ንገረኝ፣ ኦሃዮ ማን አለህ?» አለችኝ። ስለ ሌብነቱ ለማስረዳት የፈጀሁት ጊዜ በኋላ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ከፈጀሁት ብዙም አያንስም።

የክሬዲት መዝገብ የሚይዙት ትልልቆቹ ድርጅቶች ሦስት ናቸው፤ ኤኲፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። ስለ ገንዘባችን እነሱ የሚያውቁትን የንስሐ አባታችን አያውቅም። ወደ አንዱ ደወልኩ፤ የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ። ልጅቷ በትሕትና «ማንነትዎን ለማረጋገጥ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ» አለች። ከነዚህ ጎዳናዎች በየትኛው ኖረዋል? አንዱንም አላውቀውም፤ «በአንዱም» አልኩ። የስልክ ውልዎ ከማን ጋር ነው? እውነቱን ነገርኳት። የካርድዎ የብድር ጣሪያ ስንት ነው? የራሴን ካርድ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ መሆንዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» አለችኝ። ለካ ጥያቄዎቹ የወጡት ከመዝገቡ ነው፤ መዝገቡን ደግሞ የሞላው ሌባው ነው። ስለ ራሴ ተፈትኜ ወደቅሁ። እሱ ቢፈተን መቶ ከመቶ ይደፍን ነበር።

በዚህ ላይ የስማችን ጣጣ አለ። የእኔ አባት ስም አንዱ መዝገብ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል። ባለቤቴ በአባቷ ስትጠራ እኔ በአባቴ እጠራለሁ፤ ለእነሱ አንድ ቤት የሚኖሩ ባዕዳን ነን።

ያወጣችኝ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሁሉንም ፎርም የምትሞላ አንዲት ነርስ ናት። «ወንድምዓለም፣ በስልክ ስትለማመጥ አትክረም፤ በጽሑፍ ነው» አለችና ላፕቶፗን ከፈተች። በፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ፣ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ፣ የስርቆት ሪፖርት ሞላን። ያን ሪፖርት ከመታወቂያዬ ቅጂና «የኔ ያልሆነው ይኼ ይኼ ነው» ከሚል ዝርዝር ጋር በአደራ ደብዳቤ ለሦስቱም ላክን። ይህ ሲደርሳቸው የሌባውን ዕዳ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ከመዝገብህ እንዲያግዱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በስልክ ያላወቀችኝ አገር በፖስታ አወቀችኝ።

ሌባው ቁጥሬን ከየት አገኘው? እግዜር ይወቅ። በ2017 ከኤኲፋክስ ብቻ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ተዘርፏል፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2020 በዚያ ዝርፊያ አራት የቻይና ጦር አባላትን ከሷል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «የቻይና ጦር ሶፋ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፤ የሶሻል ካርዱን ፎቶ አንስቶ ለታክስ ሠሪ በቫይበር የሚልክ፣ «ይሉኝታ ያዘኝ» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ቁጥሩን የሚያነበንብ ስንት ሰው አለ። ቢሆንም ፍርዴን ልስጥ፤ መረጃህን ሳይጠይቁህ ሰብስበው የሚሸጡት እነሱ፣ ሲሰረቅ ሥራ ፈትተህ የምትሮጠው አንተ። ይኼ ሥርዓት የተሠራው ለአበዳሪ እንጂ ለተበዳሪ አይደለም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ሌባው እስኪመጣ አትጠብቁ። መዝገባችሁን በሦስቱም ድርጅቶች ዝጉት፤ ፍሪዝ የሚሉት ማለት ነው። ከመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው፤ ነጥብ አይቀንስም፤ ያላችሁን ካርድ አያግድም። መኪና ስትገዙ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ብትጠይቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያነሡላችኋል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻችሁም ማዘጋት ትችላላችሁ። ብቻ በየተራ ሦስቱም ጋ ሂዱ፤ አንዱ ጋ መዝጋት የሌሎቹን አይዘጋም።