ታማኝነት በጅምላ፣ ማጭበርበር በችርቻሮ

«በጅጅጋና በዙሪያዋ ገበያ ሰው አይታመንም» የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው። ሚኒያፖሊስ የምትኖር አንዲት ልጅ ሁለት መቶ ዶላር ለሐዋላ ቤቱ ሰው ቆጥራ ትሰጣለች፤ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ጅጅጋ አቅራቢያ፣ ቱሊ ጉሌድ ከተማ፣ የእናቷ ስልክ ይጮኻል፣ ብሩም ሳይሸራረፍ ይቆጠርላቸዋል። በመካከሉ ውቅያኖስ አለ፣ ምንዛሪ አለ፣ ተያይተው የማያውቁ ብዙ እጆች አሉ። አንዱም ከውሉ ውጪ ሳንቲም አይነካም። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ ባንኩም ፍርድ ቤቱም አብሮ ፈረሰ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ቡርዖ ላይ የተጀመረው የሐዋላ ድርጅት ዳሃብሺልና መሰሎቹ ግን በቃልና በስልክ ገንዘብ ማድረሳቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለውን አካባቢ ስለ መታመን ማን ደፍሮ ያስተምረዋል?

እናት ብራቸውን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ገበያ ይወጣሉ። አንድ ሊትር የግመል ወተት፣ ሁለት ጣሳ ማሽላ፣ ለልጅ ልጃቸው አንድ ሹራብ ሊገዙ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ ያልጎደለው ገንዘብ እዚህች መቶ እርምጃ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ሊትሩ ሊትር አይደለም። ጣሳው ከታች ወደ ውስጥ ተጎድጉዷል። ሹራቡ አንዴ ከታጠበ የልጅ ልጃቸውን ትቶ ለአሻንጉሊት ይሆናል።

ልብ በሉ፦ በሺህ የሚቆጠር ዶላር በቃል ይታመናል፤ አንድ ሊትር ግን በዓይን እየታየ አይታመንም። ይህ ሥርዓት ሊደነቅ ሲገባው ሲወቀስ ይኖራል። እኔ ዛሬ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

ምስጋናዬን ከወተቱ ልጀምር። የግመል ወተት ከጡት እስከ ከተማ በብዙ እጅ ያልፋል፦ አላቢው፣ ሰብሳቢዋ፣ ጄሪካኑን የሚጭነው መኪና፣ መጨረሻ ላይ ቸርቻሪዋ። ድርቅ ሲገባ ግመሏ ወተቷን ትቀንሳለች፤ ከተማ የሚደርሰው ጄሪካን ግን አይቀንስም። በረከት ነው። በሐርሺን በኩል በግል የዝናብ ውኃ ጉድጓድ፣ በቢርካ፣ የተጠራቀመ ውኃ ለሰውና ለከብት በገንዘብ በሚሸጥበት በዚያ ደረቅ ወር፣ ሌላው ነጋዴ ውኃን በውኃ ዋጋ ሲሸጥ፣ የእኛ ሰው ግን በወተት ዋጋ ይሸጠዋል። ከዚህ በላይ እሴት መጨመር ከየት ይመጣል? እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ ወተት ሻጮችን ሁሉ በአንድ ላይ መውቀስ ነውር ነው። ለዓመታት የሚያውቋት ደንበኛ ስትመጣ ከኋላ ያለው ጄሪካን ይከፈታል፤ ከእሱ የሚቀዳው ወተት ወፍራም ነው፣ የታጠነው ዕቃ ሽታም አብሮት አለ። የፊተኛው ጄሪካን ለአላፊ አግዳሚ ነው። ሻጯ አንዲት ናት፣ ግመሏም አንዲት ናት፤ የተለያየው የገዢው ስም መታወቁና አለመታወቁ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ወደ ቤንዚኑ እንለፍ። ማደያው በር ላይ «ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ካርቶኑ አይዋሽም፤ ማደያው ውስጥ የለም። አጥሩን ዞር ስትሉ ግን በሃይላንድ ተሞልቶ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። መንግሥት በየጊዜው የነዳጅ መሸጫ ዋጋ ይቆርጣል። ዋጋ የተቆረጠለት ቤንዚን አይገኝም፤ የሚገኘው ቤንዚን ደግሞ ዋጋ አልተቆረጠለትም። ቶጎ ውጫሌ ቅርብ ነው፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው ገዢ የተሻለ ይከፍላል፤ ጄሪካን ደግሞ እግር ባይኖረውም መንገዱን ያውቃል። የባጃጅ ነጂው የተረፈውን በሃይላንድ ይገዛል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነም አይከፋም፤ ባጃጁ ያስላል፣ መካኒኩ እንጀራ ያገኛል፣ የጥገናው ዋጋ ታሪፍ ላይ ይጨመራል፣ ታሪፉን እኚያው እናት ይከፍላሉ። አንድ ሃይላንድ ይህን ሁሉ ሰው ሥራ ያስይዛል።

ከዚያ ልብስ ተራ። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ስለዚህ በየቦታው ይገኛል። ቦንዳው ታስሮ ይሸጣል፣ ከመከፈሉ በፊት አይፈታም። ቸርቻሪው የቆጠበውን ሁሉ አስይዞ ቦንዳውን ሲፈታ፣ ከላይ ያለው ጃኬት የጣሊያን ነው፤ ከሥር ያለው አንድ እግር የሌለው ሱሪ ነው። ቸርቻሪው በቁማር የተበላውን ከማን ያካክሳል? ከሹራቧ። የተታለለ ሁሉ ያታልላል፤ ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ እየወረደ መጨረሻ ላይ የሚያስተላልፉት ሰው የሌላቸው ሰዎች ጋ ይቆማል።

ስልኩም እንዲሁ ነው። «ኦሪጅናል ነው፣ የዱባይ ነው» ይባላል። ማሸጊያው ኦሪጅናል ነው፣ ቻርጀሩም ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል። ከዕቃው ጋር የማይሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረሰኝ። «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ይላል ባለሱቁ፣ እኛም በኩራት «ተወው ደረሰኙን፣ ቀንስልኝ» እንላለን።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምን እንደሸጥን እንይ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሌላ አዋጅ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሁለቱ አዋጆች ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና ለሕግ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ሁለተኛው ያለው ከባለሱቁ ራስ በላይ ነው። ደግሞስ ምን ይዘን እንከራከራለን? ደረሰኙን ለቅናሽ ሰጥተነዋል። በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ አልተወለደም፣ አልተገዛም፣ አልተሸጠም፤ ያልተወለደ ነገር እንዴት ይመለሳል? ኮንትሮባንድ ርካሽ የሚሆነው ቀረጥ ስላልተከፈለበት ብቻ አይመስለኝም። የመክሰስ መብታችንን ቀድሞ ቀንሶ ስለሚሸጥልን ነው። በትሕትና መስተናገዱ ግን አልቀረብንም፤ ሻጩ ሃይላንዷን በሁለት እጁ ነው የሚያቀብለን።

የሚመለከተው አካል ዝም ብሏል እንዳይባል፣ መልስ አለው፦ «ኅብረተሰቡ ራሱን ከአጭበርባሪዎች ይጠብቅ።» ጥሩ ምክር ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ የተረከበው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ፣ የተላከው ወርቅ ቅብ ብረት ነው ተብሎ ተመለሰ። ባንኩ ባለሙያ አለው፣ መመርመሪያ አለው፣ ዘብ አለው። እሱ ራሱን ካልጠበቀ፣ ፕላስቲክ ኩባያ የያዙ እናት ራሳቸውን እንዴት አድርገው ይጠብቁ? አዲስ አበባ ውስጥ ጄሶ የገባበት እንጀራ፣ ሸክላ የተፈጨበት በርበሬ፣ ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ሲያዝ የበላው ሰው ሁሉ ዓይን ነበረው። «ራስህን ጠብቅ» ማለት ሲተረጎም «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ሲቆረጥ እኛ የለንበትም» ማለት ነው።

አሁን ወደ ከብት ገበያ። እዚህ የደላላው ጥበብ ከሁሉ ይልቃል። ደላላውና ገዢው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ሻል ከላይ ይጣላል፣ ከሥር ጣት በጣት እየተነካካ ዋጋ ይነጋገራል። ዙሪያውን የቆመው ሰው አይሰማም፤ በጎቹን ከሩቅ ነድቶ የመጣው አርብቶ አደርም እንዲሁ። ለእሱ የሚነገረው ከሻሉ ውጪ ያለው ዋጋ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሻሉ ሥር ይቀራል።

ነገር ግን ለደላላው አንድ ሐቅ እንስጠው። በጉ የተሰረቀ ቢሆንስ ብሎ ለሚፈራ ገዢ፣ «ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ የእነ እገሌ ወገን ነው፣ ነገ ጥያቄ ቢነሣ እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ዋስ የሚሆነው እሱ ነው። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ሐላል ነው፤ ስሙን አስይዞ ያገኘው ነው። የምንማረርበት ድርሻው በሻል የተሸፈነው፣ የምንጠቀምበት ድርሻው በአደባባይ በስሙ የቆመለት ነው።

የሐዋላውም ምሥጢር ከዚህ አይርቅም። የሐዋላ ሰው መልአክ አይደለም፤ ምናልባት ወተትም ያቀጥን ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን መቶ ዶላር ይዞ ቢጠፋ የአባቱ ስም ይታወቃል፣ አጎቱ ይጠየቃል፣ ወንድሙ ሱቁን መክፈት ይቸግረዋል። ጎሳ ዋስ ነው፤ ዋሱም ይከፍላል። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሔር፣ የወንድ ነፍስ ካሳ 100 ግመል፣ የሴት 50 ግመል እንደሆነ ከጥንት ተወስኗል፤ የሚከፍለውም ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ወገኑ አብሮ ነው። ይህን ያህል የረቀቀ ሕግ ያወጡ ሽማግሌዎች፣ ለአንድ ሊትር ጉድለት ስንት ፍየል እንደሚከፈል እስካሁን አልተቀመጡበትም። ጉዳዩ ትንሽ ነው ተብሎ ይሆናል። ትንሽ ስለሆነም ነው በየቀኑ የሚሠራው፦ ለመክሰስ የሚያንስ፣ ለመክበር የሚበቃ።

ይህን ሁሉ ቀድሞ የተረዳው ግን ሽማግሌውም መንግሥቱም አይደለም፤ የፒራሚድ ነጋዴው ነው። «በስልክህ ገንዘብ አስገባ፣ ሦስት ሰው አምጣ፣ ቤትህ ተኝተህ ዶላር ይገባልሃል» የሚለው እንግዳ ሰው ሆኖ አይመጣም። የአጎት ልጅ ሆኖ፣ የሠርግ ሚዜ ሆኖ ይመጣል። ለሐዋላ ያገለግል የነበረውን ዝምድና እንዳለ ወስዶ ዋሱን ብቻ ጣለበት፤ ዝምድናው አለ፣ ሲፈርስ የሚከፍል ግን የለም። ያው አዋጅ 813 ይህን ዓይነት ሽያጭ በግልጽ ይከለክላል። አልባኒያ ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በተከታታይ ሲወድቁ ሕዝቡ ንብረቱን ሸጦ ያስገባው ገንዘብ ጠፋ፣ አመፅ ተነሣ፣ የጦር መጋዘን ተዘረፈ፣ መንግሥቱ ሊፈርስ ደረሰ። እኛ ጋ ያን ያህል አይደርስም፤ የሚፈርሰው የአጎት ልጆች ሰላምታ ነው። ወተት ያቀጠነ ሰው ሊትር ሰረቀ፤ ይኼኛው ግን ሐዋላው የቆመበትን መተማመን እየቸረቸረ ነው። እሱ ሲያልቅ የሚኒያፖሊሷ ልጅም ደረሰኝ መጠየቅ ትጀምራለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አገራችን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አላት፤ አዲስ አበባ ነው፣ ከጅጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ እዚያ ሊትር በትክክል ሊትር ነው። ከዚያ አንድ የታተመ ሊትርና አንድ የታተመ ኪሎ ተልኮ በቱሊ ጉሌድ ገበያ መሀል ይቀመጥ። ማንም ገዢ የገዛውን አምጥቶ በነጻ ይለካ። ሚዛኑን የሚጠብቁት ሁለት ሽማግሌዎች ይሁኑ፤ የጎደለበት ሻጭ ስሙ ከነወገኑ በዚያው ይጠራ፣ ካሳውም በዚያው ይቆረጥ። ማደያው ስንት ሊትር እንደተራገፈለትና ለማን እንደሸጠ በሩ ላይ፣ በዚያው ካርቶን ላይ ይጻፍ። አዲስ ሕግ አያስፈልግም፣ አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም፤ ለሺህ ዶላር የሚሠራውን ዋስትና ለአንድ ሊትር ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ማደያው ይቃወማል፣ የሚመለከተው አካልም «ይጠናል» ይላል። ከእነርሱ የበለጠ የምፈራው ግን ያለ ደረሰኝ ቅናሽ የለመድነውን እኛን ነው። ይሁን፤ የሚቃወም ሁሉ እጁን ያውጣ፣ ከሻሉ ሥር ግን አይደለም።